ልጄ ኔቪ ቡት ካምፕ እያለች በየቀኑ የጻፍኩላት ደብዳቤ

ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ ልጄ በ2016 ዓ.ም የካቲት ላይ፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2024 ማለት ነው፣ የአሜሪካ ኔቪ፣ ባህር ኃይሉ ማለት ነው፣ ገብታ ኢሊኖይ ግሬት ሌክስ ለቡት ካምፕ፣ ለመጀመሪያው የወታደር ስልጠና፣ ሄደች። ይሄን የምጽፈው በቀደም ቤተክርስቲያን አንዲት እህት ልጇ ሊገባ ሁለት ሳምንት እንደቀረው ስትነግረኝ እንባዋ ቀደማት፣ እኔም ያኔ ሰው በነገረኝ ብዬ የተመኘሁትን ሁሉ ቁጭ ብዬ ነገርኳት፣ ስጨርስ ለሌላውም ጻፊው አለችኝ። እንግሊዝኛ የሚችል ብዙ መረጃ ያገኛል፣ የኛ የሐበሻ ወላጅ ጭንቀት ግን ለብቻው ነው እዛ ላይ አይገኝም።

ቀድማ የነገረችው ለአባቷ ነው። እሱ ሁለት ቀን ይዞት ቆየና ማታ ሻይ እየጠጣን ነገረኝ፣ እኔ ግን ከዛ ሁሉ ወሬ ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው ወታደር የምትለዋ ቃል ብቻ ነች። እኛ ቤት ይቺ ቃል ቀላል አይደለችም። ታላቅ ወንድሜን በደርግ ጊዜ ከደሴ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወስዱት እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ ከማሰልጠኛው አንድ ደብዳቤ ላከ፣ ደህና ነኝ፣ ጫማው ብቻ ትንሽ ጠቦኛል የሚል፣ ከዛ በኋላ ምንም። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ያቺን ደብዳቤ ሙዳይ ውስጥ አስቀምጣ የመጣ እንግዳ ሁሉ እንዲያነብላት ታወጣው ነበር፣ ስንት ጊዜ እንደተነበበ እግዜር ነው የሚያውቀው፣ ወረቀቱ በመታጠፊያው በኩል ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። ስለዚህ ልጄ በገዛ ፈቃዷ ልግባ ስትል እኔ የሰማሁት ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቻችሁ ቤት ተመሳሳይ ታሪክ አለ ብዬ አስባለሁ፣ ወንድም ወይ አጎት ያልተመለሰበት። እና መጀመሪያ ማለት የምፈልገው ይሄ ነው፣ ያንን ታሪክ ልጃችሁ ላይ አትጫኑት። እኔ ለሦስት ሳምንት አኮረፍኳት፣ ያ ሦስት ሳምንት አሁን ድረስ ይቆጨኛል፣ እሷ ያኔ የምትፈልገው ወረቀቱን አብሯት የሚያነብ ሰው ነበር።

በኋላ ሪክሩተሩን፣ የመለመላትን የኔቪ ሰው፣ ቤት ጠርተን ቡና አፍልቼ ጥያቄ በጥያቄ አደረግነው። እናንተም ጥሩት፣ አትፈሩ፣ ይመጣሉ። ኮንትራቱ ላይ የሥራው ዓይነት በጽሁፍ መኖሩን እዩ፣ በቃል ሲነገር የነበረው ወረቀቱ ላይ ከሌለ የለም ማለት ነው። የልጄ ሆስፒታል ኮርፕስማን የሚሉት ነው፣ የህክምና ሥራ፣ ከቡት ካምፕ በኋላ ሳን አንቶኒዮ ቴክሳስ ሄደው ነው የሚማሩት። ሌላው ብዙ ወላጅ የማያውቀው፣ ልጁ አራት ወይ አምስት ዓመት ነው ቢላችሁም ጠቅላላ ግዴታው 8 ዓመት ነው፣ ከንቁ አገልግሎቱ የሚተርፈው በሪዘርቭ (በተጠባባቂ) ስም ዝርዝር ውስጥ ሆኖ ነው የሚቆጠረው። ግሪን ካርድ ያለውም መግባት ይችላል ግን ሴኪዩሪቲ ክሊራንስ፣ ሚስጥራዊ ነገር ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ፣ የሚጠይቁት ሥራዎች ዜግነት ይፈልጋሉ፣ የእህቴ ልጅ የሚፈልገውን ሥራ በዚህ ምክንያት ማግኘት አልቻለም።

ኮንትራት ከፈረሙ በኋላ ወዲያው አይሄዱም፣ ወራት ይጠብቃሉ። እነዚያን ወራት በአግባቡ አልተጠቀምንባቸውም። ሩጫ ሮጠች፣ ፑሽአፕና ፕላንክ ሠራች፣ ዋና ግን አላስተማርናትም። እኔ ያደግኩት ክረምት ሲመጣ ቦርከና ሞልቷል ልጅ ይወስዳል እየተባልኩ ነው፣ ውሃ ማለት የሚሸሽ ነገር ነው ለኛ፣ ልጆቼንም ሳላስበው እንደዛ አሳደግኳቸው። የኔቪ ስልጠና ደግሞ የዋና ፈተና ሳያልፉ አይመረቁበትም። ከከፍታ ላይ ጥልቅ ውሃ ውስጥ መዝለል አለ፣ 50 ያርድ መዋኘት አለ፣ 5 ደቂቃ በሆድ ተንሳፍፎ መቆየት አለ፣ ከዛ የለበሱትን ልብስ አየር ሞልተው እንደ መንሳፈፊያ መጠቀም አለ። እዛው ያስተምራሉ፣ የማይችል አይባረርም፣ ግን ጊዜ ይበላል፣ ልጄን ምን ዋጋ እንዳስከፈላት ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ልጃችሁ እየጠበቀ ከሆነ ዛሬ ካውንቲው ፑል ሂዳችሁ አስመዝግቡት፣ ከጥልቁ ጎን ላይ መዝለል ይልመድ፣ የኛ ልጆች ከመዋኘቱ በላይ የሚያስፈራቸው መዝለሉ ነው።

ከመሄዷ በፊት የወረቀት ጉዳይም ጨርሱ። ባንክ፣ የስልክ ቢል፣ መኪና ካላት ኢንሹራንሱ፣ ለትምህርት የተበደረችው ካለ፣ የይለፍ ቃሉን ሁሉ ደብተር ላይ አጽፉ፣ ምክንያቱም ከገባች በኋላ ደውላችሁ የምትጠይቁበት መንገድ የለም። የመጀመሪያ ደሞዟ ትንሽ ሲሆን አትደንግጡ፣ እዛ የሚሰጧት የመታጠቢያና የመሳሰለው ዕቃ ከደሞዝ ይቆረጣል።

ፀጉሯን የሄደች ጊዜ ሹሩባ ሠራኋት። ድሮ ሴቶቹን ይቆርጧቸው ነበር፣ ከ2018 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ያ ቀርቷል፣ በሥርዓት መያያዝ እስከቻለ ድረስ ይፈቀዳል። ከኋላዋ ተቀምጬ ስሠራት እሷም ዝም እኔም ዝም፣ ግን ያቺ ሁለት ሰዓት ለሁለታችንም ከመሳሳም በላይ ነበረች።

እዚሁ ሜሪላንድ ፎርት ሜድ የጦር ሰፈር ቃለ መሐላ ስትፈጽም ቆመን አየናት። ከዛ ወደ ቺካጎ በረረች፣ ኦሄር ኤርፖርት ይሰበስቧቸውና በአውቶብስ ይወስዷቸዋል፣ ቦታው ከቺካጎ በስተሰሜን ሚሺጋን ሐይቅ ዳር ነው። በፈረንጆቹ ከ1911 ጀምሮ ያለ ማሰልጠኛ ነው፣ ሌሎቹ በ1990ዎቹ ስለተዘጉ አሁን መላው አሜሪካ ውስጥ ኔቪ የሚገባ ተራ ምልምል ሁሉ እዛ ነው የሚያልፈው። የኔ ልጅ ስትገባ 10 ሳምንት ነበር፣ ከ2025 ጃንዋሪ ጀምሮ 9 ሳምንት አድርገውታል።

ማታ ስልክ መጣ። ይሄን አስቀድማችሁ እወቁት ምክንያቱም እኔ ማንም ስላልነገረኝ ልቤ ሊቆም ነበር። ከፊታቸው የተጻፈ ነገር ነው የሚያነቡት፣ ደርሻለሁ፣ ደህና ነኝ፣ ከሳምንታት በኋላ እደውላለሁ፣ በቃ። ድምጿ የሷ አይመስልም ትጮሃለች፣ ከኋላዋም ሰው ይጮሃል፣ እኔ ልጄ ልጄ ስል ተዘጋ። አንድ ደቂቃ አልሞላም። አባቷ ምን አለች ሲለኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ልጃችሁ ተቆጥቶባችሁ ወይ ተጎድቶ አይደለም፣ የሁሉም ልጅ ጥሪ እንደዛ ነው። ያን ሌሊት ጭራሽ አይተኙም፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ክትባት፣ ጥርስ፣ ዩኒፎርም፣ ወረቀት ነው። ከዛ የለበሰችው ልብስ በካርቶን መጣ። ካርቶኑ ሲመጣ ቤት ብቻችሁን አትሁኑ ነው የምለው፣ እኛ ጋ የሰው ልብስ ለብቻው ተጠቅልሎ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ካርቶኑን ሳልከፍት አልጋ ስር አስገባሁት፣ ማታ ልጆቹ ናቸው የከፈቱት።

ከዛ ዝምታው ነው። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት፣ ምንም የለም። አድራሻው የሚመጣው ፎርም ሌተር በሚሉት ደብዳቤ ነው፣ እዛ ላይ የሺፑ ቁጥርና የዲቪዥኑ ቁጥር አለ፣ የምረቃው ቀንም አለ። ሺፕ የሚሉት መርከብ አይደለም፣ የሚያድሩበት ህንፃ ነው፣ እያንዳንዱ የመርከብ ስም አለው፣ ወለሉን ዴክ ሽንት ቤቱን ሄድ ይሉታል። ዲቪዥን ማለት አብረው የሚሰለጥኑት 80 ምናምን ልጆች ናቸው። የሚያሰለጥኗቸው አርዲሲ ይባላሉ። ፖስታው ላይ የሺፕና የዲቪዥን ቁጥሩ ከሌለ ደብዳቤው ይንከራተታል፣ እና ያንን ቁጥር ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ፣ ወላጆችን እየደወሉ ልጃችሁ ችግር ውስጥ ነው ብር ላኩ የሚሉ አጭበርባሪዎች አሉ።

እኔ አድራሻው እስኪመጣ መጻፍ ጀመርኩ። ግን የጻፍኩት ምንድነው፣ ናፍቆት ሊገድለኝ ነው፣ ቤቱ ጭር አለ፣ አልጋሽን ሳይ አለቅሳለሁ፣ ምግብ አልበላ አለኝ፣ አራት አራት ገጽ። ደግነቱ የምልክበት አልነበረም። እሁድ ቅዳሴ ወጥተን ስናወራ አንድ ጋሼ አሉ፣ በንጉሡ ጊዜ የኛው ባህር ኃይል ውስጥ ምጽዋ ያገለገሉ፣ "ኢትዮጵያ" የምትባለው መርከብ ላይ የነበሩ ሰው ናቸው፣ እሳቸውን ምን ልጻፍላት ብዬ ጠየቅኳቸው። ደብዳቤ ማታ ነው የሚነበበው አሉኝ፣ ደክሞሽ፣ እግርሽ ቆስሎ፣ ጥቂት ደቂቃ ሲኖርሽ፣ ያቺን ደቂቃ ያንቺን ለቅሶ አታሸክሚያት፣ ቤት ውስጥ ዛሬ የሆነውን ጻፊላት፣ ሰው ቤቱ እንዳለ መሆኑን ሲያውቅ ነው የሚተኛው። እኔ ከዛ ቀን በኋላ ያንን ነው ያደረግኩት። የጻፍኩትን ሁሉ ቀድጄ ጣልኩትና እንደገና ጀመርኩ።

በየቀኑ አንድ ገጽ። ዛሬ በረዶ ጣለ፣ ወንድምሽ ሒሳብ ላይ ቢ አመጣ፣ ጎረቤት ያለችው ኤልሳልቫዶራዊት ስላንቺ ጠየቀችኝ፣ እንጀራው ዛሬ ዓይን አላወጣም፣ አባትሽ የፊት ጎማ ቀየረ። ይሄ ምን ይጠቅማታል ብላችሁ እንዳታስቡ፣ በኋላ ነግራኛለች፣ አልጋ ጎረቤቷ ያለችው ልጅ ደብዳቤ ስለማይመጣላት የኔን አብረው ነበር የሚያነቡት፣ ያቺ ልጅ የእንጀራውን ጉዳይ ዛሬስ ወጣለት ወይ እያለች ትጠይቅ ነበር። ልጄ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም፣ የኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ለሥራ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ እኔ በአማርኛ እያልኩ ወንድሟ ይጽፍ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ግን ሁሌ በኔ እጅ በአማርኛ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን ብዬ ነው የምዘጋው። ቃሉን ባታነበውም ቅርጹን ታውቀዋለች። እንግሊዝኛ አልችልም ብላችሁ እንዳትተዉ፣ ፊደላችሁን ማየት ራሱ ለነሱ ብዙ ነው።

ፖስታው ነጭና ተራ ይሁን፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሽቶ የተረጨበት፣ ያጌጠ አትላኩ ልጁን ዓይን ውስጥ ያስገባዋል። ምግብ አትላኩ፣ ቆሎም ዳቦ ቆሎም አይገባም። የቤተሰብ ፎቶ ጥሩ ነው፣ ባዶ ፖስታና ቴምብር ደግሞ ከምንም በላይ ይጠቅማቸዋል።

የመጀመሪያ ደብዳቤዋ ሲመጣ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ወንድሟ ከፍቶ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። አጭር ነች። ደህና ነኝ፣ ብዙ አልተኛም፣ ቡትሱ ያመኛል ትላለች። ቡትሱ ያመኛል። የምንከባከባቸው አሮጊት ቤት ኮሪደር ላይ ቁጭ አልኩኝ መቆም ስላቃተኝ። ወንድሜን ነው ያየሁት፣ ጫማው ጠቦኛል ያለውን። ለደቂቃዎች እንደዛ ሆኜ ከቆየሁ በኋላ ለራሴ ልጄ ያለችው ጦርነት አይደለም፣ አሜሪካ ውስጥ ሐይቅ ዳር ትምህርት ቤት ነው አልኩት። ማታ ስጽፍላት ቡትሱን አላነሳሁትም፣ እግርሽን በደንብ አድርቂ ካልሲሽን ቀይሪ ብቻ አልኩኝ።

ሁዳዴ የገባው በሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው፣ መጋቢት 2። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ትጾማለች፣ እኔም እዛ ምን ትበላ ይሆን፣ ጾሟን ትያዝ ትተው እያልኩ ስጨነቅ ንስሐ አባታችንን ጠየቅኳቸው፣ እሳቸው ያለማመንታት ትብላ አሉ፣ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ላይ ነች፣ የቀረበላትን በልታ ትጸልይ፣ ይሄን ጻፊላት አሉኝ። ጻፍኩላት። በኋላ እንደነገረችኝ ያ ደብዳቤ እስኪደርሳት ገበታው ላይ ሥጋውን ገፍታ ሩዝና አትክልት ብቻ ነበር የምትበላው፣ ያውም ቀኑን ሙሉ በሚያሮጧት ጊዜ። ስለዚህ ልጃችሁ በጾም ወቅት የሚገባ ከሆነ ከመሄዱ በፊት ከንስሐ አባቱ ጋር ያውሩ። እሁድ ጠዋት ጸሎት ይፈቅዱላቸዋል፣ እዛ ሄዳ ቁጭ ብላ እንደምታለቅስ ጽፋልኛለች፣ ማንም ሳይጮህባት የምትቀመጥበት ያ ብቻ ስለሆነ።

አሁን ዋናው። የዋና ፈተናውን ወደቀች። እዛ አንዴ ከወደቁ ተጨማሪ ትምህርት ይሰጧቸዋል፣ ሌሎቹ ሌላ ነገር ሲሠሩ እሷ ጠዋት ማታ ፑል ናት፣ እንደገና ሞከረች፣ መዋኘቱን ችላ ከላይ መዝለሉ ላይ እግሯ አልንቀሳቀስ አለ። በመጨረሻ ከዲቪዥኗ አውጥተው ወደኋላ ያለ ዲቪዥን ውስጥ ከተቷት፣ ልጆቹ አስሞ ሆንኩ ይላሉ። ምረቃዋ በሁለት ሳምንት ተራዘመ። ስልክ ደውላ ስትነግረኝ ተንሰቀሰቀች፣ የለመደቻቸውን ጓደኞች ትታ እንደ አዲስ በማታውቃቸው መሃል፣ ማሚ ልውጣ ልምጣ አለችኝ።

ይሄ ስልክ ብዙ ወላጅ ጋ ይመጣል። እኔ አፌ ላይ የነበረው ነይ ነው፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከመጀመሪያም አልፈለግኩም ነበረ። አባቷ ስልኩን ተቀብሎኝ ዛሬ ምን በላሽ አላት። ዝም አለች። እንደገና ምን በላሽ አላት። ነገረችው። ከዛ ነገ ጠዋት ስንት ሰዓት ነው ፑሉ አላት፣ ነገረችው፣ በዚያ ሰዓት እኔ ተነስቼ እጸልያለሁ፣ አንቺ መዝለሉን ብቻ አስቢ፣ ስለ መውጣት ከዘለልሽ በኋላ እናወራለን አላት። ስልኩ ተዘጋ። ጠዋት በዛ ሰዓት ተነስቶ ሳሎን ቆሞ አየሁት። አለፈች፣ በዛ ቀን አይደለም፣ ከዛ በኋላ በሦስተኛው ቀን ነው፣ ግን አለፈች። ልጃችሁ ልምጣ ሲላችሁ እሺም እንቢም አትበሉ፣ ስለ ነገ ጠዋት ጠይቁት።

ሁለት ነገር ከዚህ ያዙ። አንደኛ ዲቪዥን ሲቀየር አድራሻ ይቀየራል፣ በአሮጌው አድራሻ የላክኳቸው ደብዳቤዎች ሳምንት ሙሉ ዘገዩ። ሁለተኛ የምረቃ አውሮፕላን ትኬትና ሆቴል ቀኑን መቀየር የሚቻል ይሁን። እኛ የመጀመሪያው ቀን ሰሙነ ሕማማት ላይ ነበር የዋለው፣ ርካሹን ትኬት ቆርጠን ለአራት ሰው ከሰርን።

ከዚህ በኋላ ያለውን መጻፍ ይከብደኛል ግን ለዚህ ነው የጀመርኩት። በሚያዝያ ወር መጀመሪያ እናቴ ደሴ አረፈች። ሙዳይዋን የነገርኳችሁ እናቴ። ለሷ ልጄ ወታደር ሆነች ብለን አልነገርናትም፣ የህክምና ትምህርት ቤት ገብታለች ነው ያልነው፣ አንድ ልጅ ሰጥታለችና ሁለተኛ እንዳትጨነቅ። ልጄ ደግሞ አያቷን እጅግ ነው የምትወዳት፣ ሁለት ክረምት ሄዳ ከሷ ጋር ከርማለች። ዘመድ ተሰብስቦ ለቅሶ ቤት ሆነን ጥያቄው ይሄ ሆነ፣ ለልጅቷ ይነገር አይነገር። ሁሉም በአንድ ድምፅ አይነገር አሉ፣ እኛ እንደምታውቁት መርዶ ጊዜና ቦታ አለው፣ ሰው ብቻውን እያለ፣ መንገድ ላይ እያለ፣ ፈተና ላይ እያለ አይረዳም።

የኔቪው ሥርዓት እንዲህ ነው። ቤት ውስጥ ሞት ወይም ከባድ ህመም ሲያጋጥም አሜሪካን ሬድ ክሮስ ጋ ይደወላል፣ 1-877-272-7337፣ ሌሊትም ቀንም ይሠራል። የልጁን ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ሺፕና ዲቪዥኑን ይጠይቋችኋል፣ ከዛ ሆስፒታሉን ወይ የቀብር አስፈጻሚውን አጣርተው ለአለቆቹ መልእክት ይልካሉ፣ ለልጁ እነሱ ይነግሩታል። ይሄን ቁጥር ልጃችሁ ሳይሄድ ፍሪጅ ላይ ለጥፉት። መልእክቱ ሄደ ማለት ግን ልጁ ወደ ቤት ይመጣል ማለት አይደለም፣ ያንን የሚወስኑት አለቆቹ ናቸው፣ ፈቃዱም በዋናነት ለእናት ለአባት ለእህት ወንድም ነው፣ አያት ካላሳደገችው በስተቀር ይከብዳል። እኛ አልደወልንም። ፑሉን ካለፈች ገና ጥቂት ቀን ነው፣ አዲስ ልጆች መሃል ነች፣ ማን አቅፎ ያስለቅሳታል ብለን ነው። በዚህ ውሳኔ እስከ ዛሬ አልጸጸትም።

የምጸጸትበት ሌላ ነው። ደብዳቤው በየቀኑ መሄድ ነበረበት፣ ለቅሶ ተቀምጬ ሳለ ሦስት ቀን አቋርጬ ነበር፣ ታውቅብኛለች ብዬ ፈራሁና በአራተኛው ቀን ስጽፍ መጨረሻ ላይ አያትሽ ሰላም ትልሻለች ብዬ አስጻፍኩ። ልጁ እስክሪብቶውን ይዞ አየኝ። ጻፍ አልኩት።

ምረቃው ከትንሳኤ በኋላ ግንቦት ላይ ሆነ። ከሱ በፊት ባትል ስቴሽንስ የሚሉት የመጨረሻ ፈተና አለ፣ ሌሊቱን ሙሉ 12 ሰዓት የሚፈጅ፣ ህንፃ ውስጥ በተሠራ ትሬየር የምትባል የመርከብ ምሳሌ ላይ እሳት ያጠፋሉ፣ ውሃ የገባበትን ይደፍናሉ፣ የቆሰለ ይሸከማሉ፣ ሲነጋ ሪክሩት (ምልምል) የሚለውን ኮፍያ አውልቀው ኔቪ የሚለውን ያደርጉላቸዋል። የዛን ቀን ስትደውል ድምጿ የሷ ነበር፣ የበፊቱ ሳቋ። ፈረንጆቹ አይ አም ኤ ሴይለር፣ ባህርተኛ ሆንኩ፣ ጥሪ ይሉታል፣ ስልካችሁን ከእጃችሁ አታርቁ።

ለምረቃ የምትሄዱ፣ የእንግዳ ስም የምታስመዘግበው ራሷ ልጅቷ ነች፣ የሚገባው ሰው ቁጥርም የተወሰነ ነው፣ እና የኛ ስም ነገር አስቡበት። የኔ መታወቂያ ላይ ያለው የአባቴ ስም ነው፣ ከልጄ ስም ጋር አይገናኝም፣ በዛ ላይ ፓስፖርቴ ላይና መንጃ ፈቃዴ ላይ ስሜ በተለያየ ፊደል ነው የተጻፈው። በር ላይ ዝርዝሩና መታወቂያው ካልተመሳሰለ አይገባም። በደብዳቤ መታወቂያችሁ ላይ እንዳለው አንድ በአንድ ፊደሉን ጽፋችሁ ላኩላት። ጠዋት በጣም በጊዜ ሂዱ። አዳራሹ ሚድዌይ ይባላል ሰፊ ነው፣ በሩ ተከፍቶ ሲገቡ ሁሉም አንድ ዓይነት ለብሰው ስለሆነ የወለዳችሁትን ልጅ መለየት ያቅታል። እኔ በአንገቷ ነው ያወቅኳት። እልል አልኩ፣ የጎረቤት ወንበር ላይ ያሉት ዞር ብለው አዩኝ፣ ግን ከኋላ ሌላ እልልታ መለሰልኝ፣ ኤርትራዊት እናት ናቸው፣ ሲያልቅ ተቃቅፈን ተላቀስን።

ለቀኑ ለቀቋት፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ማታ መመለስ አለባት። ሆቴል ውስጥ እንጀራና ዶሮ ይዘን ሄደን ነበር፣ በላች፣ ስልኳን ቻርጅ አደረገች፣ ተኛች። አባቷ ትንሽ ትተኛ አለኝ። ስትነሳ የአያቷን መርዶ አረዳናት። አባቷና ወንድሞቿ ከበናት፣ በእቅፌ አድርጌ ነው የነገርኳት፣ እንደ ወጉ። አለቀሰች። ቆይታ ቦርሳዋን ከፍታ ደብዳቤዎቼን አወጣች፣ ሁሉንም በቀን አስተካክላ በጫማ ክር አስራቸዋለች፣ አንዷን መዝዛ አሳየችኝና ይሄን ስትጽፊ ሞታ ነበር አለችኝ። አዎ አልኳት። ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን እያየች ዝም ብላ ቆየችና የቀሩትስ ብላ ጠየቀችኝ፣ የእንጀራውም፣ የጎማውም እውነት ነው ወይ።

እውነት ነው፣ ሌላው ሁሉ እውነት ነው ብዬ ማልኩላት። ግን ያንን ጥያቄ ከልጄ አፍ መስማት አልነበረብኝም። መርዶ ማቆየትና ውሸት መጻፍ ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ ስለ አያቷ ምንም ሳልጽፍ ማለፍ እችል ነበር። እናንተም ብታቆዩ አቆዩ፣ ያ የቤተሰባችሁ ነው፣ ቡት ካምፕ ላለ ልጅ በተላከ ወረቀት ላይ ግን ያልሆነ ነገር እንዳታሰፍሩ፣ የሚይዘው ሌላ ነገር ስለሌለው እያንዳንዷን መስመር ደጋግሞ ነው የሚያነባት።

አሁን ሳን አንቶኒዮ ትምህርቷን ጨርሳ ቨርጂኒያ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች። እሁድ እሁድ ትደውላለች፣ ገና ሰላም ሳንባባል ማሚ ሁሉም ደህና ነው፣ እውነቱን ትለኛለች። እነግራታለሁ። ባለፈው እሁድ የአባቷ ስኳር ከፍ ማለቱን ነገርኳት፣ ቁጥሩን ጠየቀችኝ፣ ከወረቀቱ ላይ አነበብኩላት።